ኪራዩ የተከፈለበት ባዶ ክፍል
የሱቅ ትርፍ ቦታን ለቅዳሜና እሑድ የእጅ ሥራ ትምህርት ስለማዋል

በዚህ ዕትም ከእናንተ ጋር የምንነጋገረው ስለ አንድ ክፍል ነው። ክፍሉ የሚገኘው እዚህ ቤይሩት ሳይሆን ሀገር ቤት፣ በላካችሁት ገንዘብ በተከፈተው ሱቅ ውስጥ ነው። ኪራዩ በየወሩ ይከፈልበታል፤ ነገር ግን አንዳች ሥራ አይሠራበትም።

እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ በአዳራሻችን ስንጨዋወት ከቤተሰብ ቀለብና ከልጆች ትምህርት ቀጥሎ ደጋግማችሁ የምታነሡልን ነገር ሱቅ ነው። አንዷ ለእናቷ፣ አንዷ ለወንድሟ፣ ሌላዋ ደግሞ አንድ ቀን ተመልሳ ለራሷ እንዲሆናት ሱቅ አስከፍታለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወሬ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ዕቃው አለቀ፤ ኪራይ ጨመረ፤ ትንሽ ገንዘብ ላኪ» ይባላል። እኛም ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጥያቄ እንድትጠይቁ እንመክራለን፦ ቀድሞውኑ ኪራይ የምንከፍልበት ቦታ ሁሉ ሥራ ላይ ውሏልን?

ሱቁ ለምን ባዶ ይሆናል?

የመጀመሪያው ምክንያት ሁሉም ሱቅ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ስኳር፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ብስኩት፤ ቀጥሎ ያለው ሱቅም ስኳር፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና። በአንድ መንደር ውስጥ እንዲህ ያሉ አምስት ሱቆች ሲኖሩ ገዢው ለአምስት ይከፋፈላል።

ሁለተኛው የዋጋ ነገር ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲቆጠር ዋጋው በእጅጉ ከፍ ብሏል። ከዚያ በፊት መደርደሪያ ይሞላ የነበረው ገንዘብ ዛሬ ያንኑ መደርደሪያ አይሞላም። ስለዚህ የፊት መደርደሪያው ብቻ ዕቃ ይዞ የኋላው ክፍል የባዶ ካርቶን ማስቀመጫ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ ከተሞች ሱቆች በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ተዘርፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሱቃቸውን እንደገና ቢከፍቱም እንደ ቀድሞው መሙላት ያልቻሉ አሉ። ዕቃ ይዘረፋል፣ ይበላሻል፣ በዱቤ ይሄዳል፤ እጅ ላይ ያለ ሙያ ግን አይዘረፍም።

አራተኛው ቀላል የሚመስል ነገር ነው። ብዙ ሱቅ እሑድ ይዘጋል፣ ወይም ግማሽ ቀን ብቻ ይከፈታል። አከራዩ ግን እሑዶችን ቀንሶ አያስከፍልም፤ የሚቆጥረው 30 ቀን ነው።

የአንዲት እህታችን ጥያቄ

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን የአንዲት እህታችን ጥያቄ ነው። ስሟን አንጠቅስም። ቤይሩት ዘጠነኛ ዓመቷን ይዛለች። ደሴ ውስጥ ወንድሟ የሚሠራበት ሱቅ አላት። ሱቁ ከፊት ለፊት መሸጫ፣ ከኋላው ደግሞ 3 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል አለው፤ የሁለቱም ኪራይ በአንድ ላይ 9,000 ብር ነው። የኋላው ክፍል ባዶ ነው። ወንድሟም ክፍሉን በዕቃ ለመሙላት 150,000 ብር እንድትልክለት ጠየቃት። ጥያቄዋ «ልላክ ወይስ ልተው?» የሚል ነበር።

ይህ ገንዘብ ለእርሷ የብዙ ወራት ላብ ነው። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሱቅ ሲደክም ዕቃ መጨመር ለብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታየው መፍትሔ ነው። ነገር ግን ከፊት ያለው ስኳርና ሳሙና ካልተሸጠ፣ ከኋላ የሚከማቸው ስኳርና ሳሙና በምን ይሸጣል? ስለዚህ ከእርሷ ጋር ተቀምጠን ሌላ መንገድ አሰብን። ይኸውም ክፍሉን ቅዳሜና እሑድ የእጅ ሥራ ማስተማሪያ ማድረግ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ? ከእናንተው ነው። በአዳራሻችን ጥግ ኪሮሽና ክር ይዛችሁ ስትቀመጡ፣ አንዷ የሌላዋን እጅ ይዛ ስታስተምር እናያለን። ይህ ሙያ በሀገር ቤት ገንዘብ ከፍሎ የሚማረው ሰው አለ። ለሠርጓ የምትዘጋጅ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጇን የት እንደምታውል የተቸገረች እናት፣ ቤት የዋለች ወጣት፣ የራሷን ዳንቴል ሠርታ ሶፋዋን ማልበስ የምትፈልግ ሴት ሁሉ ተማሪ ሊሆኑ ይችላሉ። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባል የለ፤ እኛም ክፍሉንም ሙያውንም እንደ መዳብ ቆጥረነዋል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ

ከዚህ በታች የምናሰፍራቸው ዋጋዎች ለምሳሌ ያህል የወሰድናቸው ናቸው። እናንተ የየከተማችሁን ዋጋ በቦታው ተክታችሁ አስሉት። ዋናው የአሠራሩ ሥርዓት ነው።

አንድ ዙር ትምህርት አራት ሳምንት ይፈጃል እንበል፤ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት፣ እሑድ ሁለት ሰዓት፣ በጠቅላላው ስምንት ጊዜ። በክፍሉ ውስጥ ተመቻችተው የሚቀመጡት ተማሪዎች ስምንት ናቸው። እያንዳንዷ ለዙሩ 1,200 ብር ትከፍላለች።

ተማሪ ቢበዛም ቢያንስም የማይለወጥ ወጪ፦
– የአስተማሪ ክፍያ፣ ለአንድ ቀን 400 ብር ሂሳብ ለስምንት ቀን 3,200 ብር
– መብራት፣ ጽዳትና የማስታወቂያ ወረቀት 700 ብር
– ድምር 3,900 ብር

ለእያንዳንዷ ተማሪ የሚወጣ ወጪ፦
– ኪሮሽና የመለማመጃ ክር 250 ብር
– ሻይ ለአራት ሳምንት 50 ብር
– ድምር 300 ብር

እንግዲህ አንዲት ተማሪ 1,200 ከፍላ 300 ሲወጣላት 900 ብር ይቀራል። የማይለወጠው ወጪ 3,900 ስለሆነ አራት ተማሪ ብቻ ከመጣ (3,600 ብር) 300 ብር ይጎድላል። አምስት ከመጡ 600 ብር ይተርፋል። ስምንት ከመጡ ደግሞ 3,300 ብር ይተርፋል። ይህ ከኪራዩ ከሲሶው በላይ ነው።

3,300 ብር ብዙ ነውን? አይደለም። ማንንም ሀብታም አያደርግም። ነገር ግን ባዶ ከነበረ ክፍል የመጣ ነው፤ ወንድሟም በየወሩ ለኪራይ «ላኪልኝ» ይል የነበረውን ይቀንስለታል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን እንይ። ሱቅ የሌላት እህት ይህንን አንብባ «እኔም ለዚህ ሥራ ክፍል ልከራይ» ብትልስ? ያው 9,000 ብር ኪራይ ሲጨመር ስምንት ተማሪ አይበቃም። ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሁለት ፈረቃ አድርጋ 16 ተማሪ ብታስተምር የአስተማሪ ክፍያው እጥፍ፣ ማለትም 6,400 ብር ይሆናል። ያንን ከ700ው ወጪና ከ9,000ው ኪራይ ጋር ስንደምረው 16,100 ብር ነው። ከ16 ተማሪዎች የሚቀረው 14,400 ብር ነው። ክፍሉ ሞልቶ እንኳ 1,700 ብር ይጎድላታል!

ይህንን ልብ በሉ። ይህ ሥራ የሚያዋጣው ኪራዩ በሌላ ሥራ ምክንያት ቀድሞውኑ የሚከፈል ሲሆን ነው። ለቅዳሜና እሑድ ብቻ ብሎ አዲስ ቤት መከራየት ግን ትርፉን ለአከራይ መስጠት ነው። ሱቅ የሌላት እህት ከዚህ ይልቅ እሑድ ከሚዘጋ ሱቅ፣ ከጸጉር ቤት ወይም ከልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ጋር ተነጋግራ ከእያንዳንዷ ተማሪ ክፍያ የተወሰነ ድርሻ ለቤቱ ብትሰጥ ይሻላል። ያኔ ተማሪ ካልመጣ ኪራይ አይቆጥርባትም።

ከትምህርቱ ክፍያ ሌላ አንድ ተጨማሪ ገቢ አለ። ተማሪዋ የተሰጣት ክር ሲያልቅ ከየት ትገዛለች? ከፊት ካለው ሱቅ ነው። ወንድምየው ከአምስተኛው የሳሙና ዓይነት ይልቅ ክር፣ ኪሮሽ፣ መርፌና የጥልፍ ጨርቅ ቢያስቀምጥ በመንደሩ ሌላ ሱቅ የሌለው ዕቃ ይኖረዋል። እንዲያውም ሱቁን የሚለውጠው ከትምህርቱ ክፍያ ይልቅ ይህ ሊሆን ይችላል።

የትኛው እጅ ሥራ?

ሁሉም እጅ ሥራ ለትንሽ ክፍል አይመችም። ሽመና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ የልብስ ስፌት መኪና ገንዘብም ቦታም ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ እነዚህን እንመክራለን።

ኪሮሽ (ዳንቴል)። አንድ ኪሮሽና አንድ ድቡልቡል ክር ይበቃል። ተማሪዋ ሥራዋን በቦርሳዋ ይዛ ቤቷ ትቀጥላለች። በአራት ሳምንት ውስጥ የምትጨርሰው ነገር ይኑር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሰንሰለት መሥራትና መስመር መያዝ፣ በሁለተኛው ክብ ሥራ፣ በሦስተኛው የስኒ ማስቀመጫ፣ በአራተኛው ደግሞ አነስ ያለ የረከቦት መሸፈኛ መጀመር። ሠርታ የጨረሰችውን ይዛ ቤቷ የምትገባ ተማሪ ለጎረቤቶቿ ሁሉ ማስታወቂያ ናት።

ጥልፍ። የትራስ ልብስና የጠረጴዛ ጨርቅ ላይ ይለማመዱበታል። ጥሩ ብርሃን ይፈልጋል፤ ስለዚህ መስኮት ለሌለው ክፍል አንመክርም።

ስፌት፣ ማለትም የሰፌድና የመሶብ ሥራ። በወሎም ሆነ በሌላው የሀገራችን ክፍል የሚያውቁ እናቶች ሞልተዋል። የሐረር ሴቶች የስፌት ሥራም በሀገር ውስጥም በውጭም የታወቀ ነው። የሚያስፈልገው ወስፌ፣ አክርማ፣ ስንደዶና ቀለም ነው። ችግሩ ጊዜው ነው፤ ትልቅ መሶብ በአራት ሳምንት አያልቅም። ጀማሪ በትንሽ ሰፌድ ትጀምር። ሣሩም የሚገኝበት ወቅት ስላለው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በገበያ ሲወጣ ገዝቶ ማስቀመጥ ይበጃል።

አስተማሪዋስ ማን ትሁን? እህታችን ራሷ ቤይሩት ስላለች ልታስተምር አትችልም። ነገር ግን በሱቁ አጠገብ የሚኖሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ስፌትና ዳንቴል የሠሩ አንዲት እናት አሉ። እንደነዚህ ያሉ እትዬዎች በየመንደሩ አሉ፤ እኛ ስለማንጠይቃቸው እንጂ። ብዙዎቹ ሙያቸውን እንደ ሙያ አይቆጥሩትም። «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላሉ። በክብር ጠይቋቸው፤ ክፍያቸውንም በየሳምንቱ ሳታጓድሉ ስጧቸው። በምሳሌያችን ላይ የአስተማሪ ክፍያን ከሁሉ በፊት ያስቀመጥነው በዚህ ምክንያት ነው። የሰውን ሙያ በነጻ እየወሰዱ የሚቆም ሥራ የለም።

ክፍሉን ማዘጋጀት

ለዚህ ሥራ 150,000 ብር አያስፈልግም። በርጩማ ወይም ረዥም አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ደማቅ አምፖል፣ በሱቁና በክፍሉ መካከል መጋረጃ፣ ግድግዳው የቆሸሸ ከሆነም ቀለም ይበቃል። ወንድምየው የእያንዳንዱን ዋጋ ጠይቆ በወረቀት ይላክ፤ እህታችንም ዋጋውን አይታ ያንኑ ብቻ ትላክ።

ጥቂት ነገሮች ግን ችላ መባል የለባቸውም።

– በክፍሉ ውስጥ በርበሬ፣ ጋዝ ወይም ሳሙና ተቀምጦ ከነበረ ሽታው ክሩና ጨርቁ ላይ ይቀራል። አስቀድሞ ማውጣትና ማናፈስ ያስፈልጋል።
– አይጥ ካለ ክርና አክርማ አይተርፍም። ክዳን ያለው ባልዲ ወይም ሣጥን ይግዙ።
– መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠቢያ ውሃ ይኑር። ሁለት ሰዓት የምትቀመጥ ሴት ይህን ካጣች በሁለተኛው ሳምንት አትመለስም።
– የሱቁ ዕቃና ገንዘብ ከተማሪዎቹ መቀመጫ ይለይ። ይህ ተማሪን መጠርጠር አይደለም፤ አንድ ነገር ቢጠፋ ማንም በሐሰት እንዳይታማ ነው።
– ልጃገረዶች የሚማሩበት ቤት ነውና በሩ ክፍት ይሁን፤ በትምህርቱ ሰዓት የወንድምየው ሚስት ወይም ሌላ ሴት ትኑር። ወላጅ ልጁን የሚልከው ቤቱን ሲያምን ነው።

ቀንና ሰዓት

ደሴ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ከተማ ናት። ስለዚህ ሰዓቱ ለሁሉም የሚሆን ይሁን። እሑድ ጧት ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ብዙ ነው፤ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብናደርገው ከቅዳሴም ከዙሑር ሶላትም በኋላ ነው፤ ተማሪዎቹም ሳይመሽ ቤታቸው ይገባሉ። በረመዳን ወር ግን የከሰዓቱ ሰዓት ለሚጾሙት ይከብዳል፤ በዚያን ጊዜ ወደ ጧት ማምጣት ወይም ዙሩን ማሳለፍ ይሻላል። በከተማው የሰዓት እላፊ ገደብ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት እርሱ ይታይ።

ለሱቁ ሽያጭ የሚሞቀውን የገበያ ቀን አትንኩ። ትምህርቱ ሽያጩን ሊረዳ እንጂ ሊተካው አይገባም።

ዓመቱም የራሱ ወቅት አለው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ለልጆች ክፍል ጥሩ ጊዜ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይበዛል፤ ስለዚህ ለሠርግ የሚዘጋጁት ከዚያ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብለው መማር ይፈልጋሉ። መስከረም ላይ ወላጅ ለደብተርና ለዩኒፎርም ስለሚያወጣ ተማሪ ይቀንሳል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በመስከረም ተስፋ አይቆርጥም።

ክፍያው ቢቻል ሙሉው፣ ባይቻል ግማሹ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይሰብሰብ። በየቀኑ የሚከፈል ከሆነ ዝናብ ሲዘንብ ተማሪም ክፍያም ይቀራል፤ አስተማሪዋ ግን መጥታለች።

ፈቃድ፣ ውልና ውክልና

ሱቁ የንግድ ፈቃድ ያለው ቢሆንም ፈቃዱ የወጣው ለዕቃ ሽያጭ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው በሥራ መስክ ተለይቶ ስለሆነ፣ ወንድምየው ወደ ክፍለ ከተማው ወይም ወደ ቀበሌው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይህን ሥራ በምን መስክ ማስመዝገብ እንዳለበት ይጠይቅ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይዞ ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶም አዲሱ ገቢ እንዴት እንደሚመዘገብ ይረዳ። ከቅጣት በፊት መጠየቅ ነጻ ነው።

ተማሪዎች «ሰርተፊኬት ትሰጣላችሁ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በሱቅ ጀርባ ያለ የእጅ ሥራ ትምህርት እውቅና ያለው የቴክኒክና ሙያ ተቋም አይደለም። የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ብዙዎች ሲኦሲ የሚሉት፣ የሚሰጠው በተመደበለት የምዘና ማዕከል ተፈትኖ ነው። ስለዚህ የማትሰጡትን ነገር ቃል አትግቡ።

የኪራይ ውሉንም አንብቡ። ቤቱ የግለሰብ ከሆነ አከራዩ በክፍሉ ውስጥ ትምህርት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይወቅ፤ በኋላ ሰምቶ ኪራይ ከሚጨምር አስቀድሞ መስማማት ይሻላል። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ደግሞ ለሌላ ሰው አሳልፎ ማከራየት ቤቱን እስከማስነጠቅ ሊያደርስ ይችላል፤ ራስ መሥራትና ማከራየት የተለያዩ መሆናቸውን አትርሱ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እናንተ እዚህ፣ ሱቁ እዚያ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ በቆንስላው በኩል ውክልና ትልካላችሁ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ጠቅላላ ውክልና የተቀበለ ሰው የማስተዳደር ሥራ ብቻ ይሠራል፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በተግባር ግን ተዘጋጅቶ የሚቀርብላችሁ ወረቀት ውስጥ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚሉ ቃላት አብረው ሊገቡ ይችላሉ። ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱን መስመር አንብቡ፤ ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ የምታምኑት ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ሱቅ ለማስተዳደር ቤት የመሸጥ ሥልጣን አያስፈልግም።

ከወንድም ጋር ደግሞ ሁለት ገጽ ስምምነት ተጻጻፉ። ከትምህርቱ የሚገኘው ትርፍ ስንት እጁ ለሚያስተዳድረው፣ ስንት እጁ ለኪራይ፣ ስንት እጁ ለእናንተ እንደሚሆን በግልጽ ይስፈር። የተማሪዎቹ ስምና ክፍያ የሚጻፍበት ደብተር ይኑርና በየወሩ ፎቶው በስልክ ይላክላችሁ። ይህ ፍቅርን አይቀንስም። በብዙ ቤተሰብ መካከል ኩርፊያ የገባው ውል ስለተጻፈ ሳይሆን ስላልተጻፈ ነው።

እዚህ ቤይሩት ሳለን

አንዳንዶቻችሁ «ለምን እዚሁ አንጀምረውም? እሑድ የሚዘጋ የሐበሻ ሱቅ አለ፤ እያስከፈልን እናስተምር» ትሉን ይሆናል። በዚህ ላይ በጣም እንድትጠነቀቁ እንለምናችኋለን። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓቸዋል። ኢቃማችሁም በከፋላ ሥርዓት ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። ከአሠሪያችሁ ውጭ ገንዘብ እየተቀበሉ መሥራት ለእስርና ከሀገር ለመባረር ሊዳርግ ይችላል። በጥቂት ክፍያ ምክንያት የዓመታት ልፋት እንዲፈርስ አንፈልግም።

ነገር ግን ገንዘብ ሳይቀበሉ እህት ለእህት መተጋገዝ አለ። እሑድ ዕረፍት ያላችሁ አራት ጓደኞቻችሁን ሰብስቡና ኪሮሽ አስተምሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አንድ ወጥ የሥራ ውል ሳምንታዊ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይደነግጋል፤ ብዙዎቻችሁ ግን ይህን እንደማታገኙ እናውቃለን። ከቤት መውጣት የማትችሉ ደግሞ በየምሽቱ አንድ አንድ ሥራ እየጨረሳችሁ ናሙና አዘጋጁ፤ ሀገር ቤት ስትገቡ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ያ ነው።

መሥራት መቻልና ማስተማር መቻል አንድ አይደሉም። እጇ ወርቅ የሆነ፣ ነገር ግን ተማሪ ሲሳሳት ኪሮሹን ነጥቃ ራሷ የምትሠራ አለች። በአራት እሑድ ጓደኛችሁ ብቻዋን አንድ የስኒ ማስቀመጫ ከጨረሰች ማስተማር ትችላላችሁ ማለት ነው። ካልጨረሰች ደግሞ የት ላይ እንደተቸገረች ጠይቋት፤ ክፍያ የምትቀበሉበት ቀን ከመድረሱ በፊት ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ አሁን እንድታስቡ የምንመክረው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ደመወዝ በዶላር መክፈል ያቆሙ አሠሪዎች ብዙ ነበሩ፤ በ2020 በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ሻንጣቸውን ይዘው የተጣሉ እህቶቻችንን ሁላችንም አይተናል። በ2024 ጦርነቱ ሲስፋፋም አሠሪዎቻቸው ቤት ውስጥ ጥለዋቸው የሸሹ ነበሩ። ደመወዝ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሊቋረጥ ይችላል። የሚገባበት ነገር የተዘጋጀለት ሰው ግን ባዶ እጁን አይመለስም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ለእህታችን የሰጠናት ምክር ይህ ነው፤ 150,000 ብሩን በባንክ ታቆየው። ለመጀመሪያው ዙር የሚያስፈልገውን ጥቂት ወጪ ብቻ ትላክ። ሦስት ዙር፣ ማለትም ሦስት ወር ይሞከር። በሦስቱም ዙር አምስት ተማሪ ካልተገኘ ክፍሉን አከራዩ ተቀብሎ ኪራዩን ይቀንስ እንደሆነ ይጠየቅ፤ የጠፋውም ጥቂት ነው። ከሞላ ደግሞ ሁለተኛ ፈረቃ ይከፈት፣ ክርና ጨርቅም በሱቁ ይጨመር። ያኔ ገንዘብ ብትልክ ገዢ ላለው ዕቃ ትልካለች።

እናንተም ስልክ ስትደውሉ ለቤተሰባችሁ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች አቅርቡ፤ መልሱንም በወረቀት ጻፉት።

1. የሱቁ ኪራይ ስንት ነው? ከቦታው ምን ያህሉ ባዶ ነው?
2. ሱቁ በሳምንት ስንት ሰዓት ተዘግቶ ይውላል?
3. በአካባቢው ስፌት፣ ጥልፍ ወይም ኪሮሽ የሚያውቅ ማን አለ? ለአንድ ቀን ስንት ቢከፈላቸው ይስማማሉ?
4. ለመማር ስማቸውን የሚያስመዘግቡ አምስት ሰዎች ይገኛሉ? («ጥሩ ሐሳብ ነው» ያሉ ሳይሆን ስማቸውንና ግማሽ ክፍያቸውን የሰጡ ይቆጠሩ።)
5. አከራዩና የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ምን አሉ?
6. ደብተሩን የሚይዘው ማን ነው?

አራተኛው ጥያቄ መልስ ካላገኘ አንድ በርጩማ እንኳ አይገዛ።

ወረቀቱን ይዛችሁ እሑድ ወደ አዳራሻችን ኑ፤ ሒሳቡን አብረን እንሠራለን። ከቤት መውጣት የማትችሉም በምትመጣው ጓደኛችሁ እጅ ላኩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና በአምስት ተማሪ መጀመር አያሳፍርም። እስከሚቀጥለው ዕትም ሰላም ሁኑልን።